የሸፈተ ራስ

በራሶች ከተማ ራሴ ሸፈተብኝ፤
ስጠራው አይመጣ፣ ሳዝዘው አይሰማኝ፣
ሌት ሌት እየወረደ እንቅልፌን ዘረፈኝ።

«ቁስሉን አሳየና» አሉኝ ቦርዱ ፊት፤
ፀጉሬን ገለጥኩላቸው፣ ፀጉር ብቻ አዩ።
ሰፈርተኛውም አለ፦
«ጥይት ያልበሳው ሰው፣ ደም ያልነካው ልብሱ፣
ምን ሆንኩ ብሎ ነው ቤት የዋለው እሱ?»

እውነት ነው፣ አልደማሁም።
መድፉ የወደቀው ከኔ ወዲያ ነበር፤ የመታኝ ነፋሱ ነው።
ራሴን ሳትኩ።
ያን ቀን የሳትኩትን እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ።
ከአፈር ጎትተው ሲያወጡኝ ስሜን ጠየቁኝ አሉ፤
የእናቴን ስም ነገርኳቸው።

ይኸው ሁለት ክረምት።
ፒያሳ ላይ ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ
የግንቡን አጥር በሁለት እጄ እይዛለሁ።
አገሬነሽ ሦስት ነገር ትልከኛለች፦
ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና።
ቅዳሜ ገበያን ዞሬ ዞሬ
ባዶ እጄን እገባለሁ።
«የት ነበርክ?» ትለኛለች።
እኔስ መች አውቄው።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር ማብቂያ
መጋረጃዋ ወፍራም የሆነ ጠባብ ክፍል አለች።
እዚያ እንጉዳይ ቀዝቃዛ ቅባት በጣቷ ይዛ
ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ራስ ቅሌን ትዳስሳለች፤
ሽቦ ትለጥፋለች፣ አንዱን ከአናቴ፣ አንዱን ከጆሮዬ።
መጀመሪያ ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ
«አይዞህ፣ ኤሌክትሪክ አይገባም» አለችኝ፤
«ሽቦው ይሰማል እንጂ አይናገርም።»

ስክሪኑ ላይ ሐይቅ። ሐይቁ ላይ ታንኳ።
የራሴ ሞገድ ሲረጋ ትሄዳለች፣
ሲታወክ ባለችበት ትቆማለች።
መቅዘፊያ የላት፣ መሪ የላት።
«ምን ላድርግ?» አልኳት።
«ምንም።»

ምንም!
አሥራ አንድ ዓመት ቁም ሲሉኝ የቆምኩ፣
ሩጥ ሲሉኝ የሮጥኩ፣ ተኛ ሲሉኝ አፈር ያቀፍኩ ሰው
ምንም የሚባል ትእዛዝ ሰምቼ አላውቅም።

ጥርሴን ነከስኩ፤ ቆመች።
ቡጢ ጨበጥኩ፤ ቆመች።
በሆዴ ሰደብኳት፤ ጭራሽ ሐይቁ ጠቆረ።
ስገፋት የምትቆም፣ ስተዋት የምትሄድ፣
ምን ዓይነት በቅሎ ናት፣ በልጓም የማትወስድ?

በስድስተኛው ቀን፣ ደክሞኝ፣ ተስፋም ቆርጬ፣
የቀሃ ወንዝ መጣብኝ። አልጠራሁትም፤ ራሱ መጣ።
ልጅ ሆኜ፣ ሸሚዜን አጥቤ ድንጋይ ላይ አስጥቼ
እስኪደርቅ ራቁቴን ቁጭ የምለው ነገር፤
ፀሐይ ሥራዋን ትሥራ ብዬ።
ታንኳዋ ሄደች።
አንድ ክንድ ያህል። ቢበዛ ሁለት።
ልጮህ ስል ቆመች።
እንጉዳይ ሳቀች።

«እድናለሁ ወይ?» አልኳት አንድ ቀን።
«ያገዘው ሰው አለ፣ ያላገዘውም አለ፤
ገና እየተጠና ነው» አለች፣ ሽቦውን ስትጠቀልል።
ባትዋሸኝ ወደድኳት።

በሩ ላይ አቸነፍ ጥቁር መነጽር አድርጎ ተራውን ይጠብቃል።
የትኛው ግንባር እንደነበር ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም እኔን።
«ስንተኛህ ነው?»
«አሥራ አራት።»
«ትሄዳለች?»
«አልፎ አልፎ።»

ወደ አዘዞ ስመለስ፣ ታክሲው መስኮት ላይ ተደግፌ
ሽፍታውን እንዲህ እለዋለሁ፦
ሽፍታ በጉልበት አይገባም፣ አባቶች ያውቁታል፤
ሽማግሌ ይሄዳል፣ ምሕረት ይታወጃል።
ና ግባ፣ ራሴ፤ ደጄን አልዘጋሁም፤
የወሰድከው እንቅልፍ፣ የበተንከው ስም ሁሉ
ይቅር ብያለሁ፤ ካሳም አልጠይቅም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።
አገሬነሽ ፌስታሉን ፈታች፤ ጨው አገኘች፣ ክብሪት አገኘች።
እጇን ሰድዳ ሳሙናውን ፈለገች፤
ዝም አለች።
ቆይታ ክብሪቱን ጫረች፤
እኔም ዓይኔን ሳልጨፍን አየሁት፣
ጣቷ ጋ ደርሶ እስኪጠፋ።